ከቃለ ጉባኤ እስከ ቋንቋ ሞዴል፦ የደንበኞችን ንግግር አሳጥሮ የመመዝገብ ታሪክና ለትምህርት ያለው ቁም ነገር

መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ስለ ጽሕፈት ጥቅም በሚነገርበት ክፍል ሁሉ ይጠቀሳል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ሰው ለግማሽ ሰዓት የተናገረው ነገር በአምስት መስመር ሲጻፍ የሚወረሰው የትኛው ክፍል ነው? የቀረውስ እንዲረሳ የሚፈርደው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ አዲስ ክብደት አግኝቷል። ባንኮች፣ አየር መንገዶች፣ የመድንና የስልክ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን በስልክ በሚያስተናግዱባቸው የጥሪ ማዕከሎች ውስጥ፣ ንግግሩን በዚያው በሚነገርበት ሰዓት እየተከተለ የሚያሳጥር የኮምፒዩተር ዘዴ በሥራ ላይ መዋል ጀምሯል። ደንበኛው ስልኩን ገና ሳይዘጋ የተናገረው ፍሬ ነገር በአስተናጋጁ የኮምፒዩተር መስኮት ላይ ተጽፎ ይታያል። ይህን ሥራ የሚሠራው «የቋንቋ ሞዴል» የሚባለው ነው፤ ይኸውም እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ የቃላትን አካሄድ የተማረና ቀጣዩን ቃል በመተንበይ አዲስ ጽሑፍ የሚያወጣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወደዚህ ያደረሰውን ታሪክ ከመነሻው ተከትሎ መግለጽና ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ምን ቁም ነገር እንዳለው ማመልከት ነው። ዋናው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ንግግርን ማሳጠር ምንጊዜም ፍርድ ነው፤ ፍርድ እስከ ሆነ ድረስም የሚጠየቅበት ሰው ያስፈልገዋል። የማሳጠር ሥራ ፍጥነት ባገኘ ቁጥር ግን ይህ ተጠያቂ ሰው ከቦታው እየራቀ መጥቷል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብ።

1. ሰሚ ጆሮና ጸሐፊ እጅ

የሰውን ንግግር ከአፉ እየተቀበሉ የመጻፍ ሙያ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የታወቀው ሮማዊ ተናጋሪ ሲሴሮ ቲሮ የሚባል ጸሐፊ ነበረው። ቲሮ በመጀመሪያ ባሪያው የነበረ፣ ኋላም ነፃ ያወጣው ሰው ነው። ንግግርን በፍጥነት ለመጻፍ የሚያገለግሉና በቲሮ ስም የሚጠሩ ምልክቶች በአውሮፓ ገዳማት እስከ መካከለኛው ዘመን ድረስ ሲሠራባቸው ኖረዋል። በእንግሊዝ አገር አይዛክ ፒትማን በ1837 ፊደልን ሳይሆን ድምፅን የሚከተል የአጭር ጽሕፈት ዘዴ አሳተመ። ጆን ሮበርት ግሬግ ደግሞ በ1888 ሌላ ዘዴ አወጣ። የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ዘዴዎች በንግድና በጽሕፈት ሥራ ትምህርት ቤቶች አያሌ ትውልድ የሠለጠነባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል መጻፍ ነው፤ አጭር ጽሕፈት የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ከተባለው ውስጥ ፍሬ ነገሩን መርጦ መጻፍ ነው። ለዚህኛው ከሁሉ ይበልጥ የምናውቀው ምሳሌ ቃለ ጉባኤ ነው። በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ስብሰባ ሲደረግ አንድ ጸሐፊ ይመረጣል። ጸሐፊው ሁለት ሰዓት የፈጀውን ክርክር አዳምጦ በሁለት ገጽ ያሰፍረዋል። ከዚያም ቃለ ጉባኤው ይነበባል፤ «እኔ ያልሁት እንዲህ አይደለም» የሚል ካለ ይታረማል፤ በመጨረሻም ይፈረምበታል።

ይህ ቀላል የሚመስል ሥርዓት ሦስት ጠባቂዎች አሉት። አንደኛ፣ የጻፈው ሰው በስብሰባው ላይ ተገኝቶ በጆሮው ሰምቷል። ሁለተኛ፣ የተጻፈው ነገር ለተናገሩት ሰዎች ተመልሶ ይነበባል። ሦስተኛ፣ ስሙን አኑሮ የሚጠየቅበት ሰው አለ። የሚከተለውን ታሪክ የምንመዝነው በእነዚህ በሦስቱ ነው።

2. የስልክ መምጣትና የጥሪ ማዕከል

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 የስልክ ፈጠራውን ካስመዘገበ በኋላ፣ በጥር ወር 1878 በአሜሪካ በኮነቲከት ክፍለ ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ማዞሪያ በ21 ደንበኞች ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ኤማ ናት የተባለች ወጣት በቦስተን ከተማ በስልክ አዞሪነት በመቀጠር በዚህ ሙያ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዚያን ጊዜ ስልክ አዞሪዋ ሁለት ሰዎችን ታገናኛለች እንጂ የንግግራቸውን ፍሬ ነገር አትመዘግብም ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው ድርጅቶች ራሳቸው በስልክ አገልግሎት መስጠት ሲጀምሩ ነው። በ1967 በአሜሪካ ደዋዩ ሳይሆን ተደዋዩ ድርጅት ሂሳብ የሚከፍልበት በ800 ቁጥር የሚጀምር የስልክ አገልግሎት ተከፈተ። በ1973 ደግሞ ሮክዌል የተባለው ድርጅት ለኮንቲኔንታል አየር መንገድ፣ የሚመጡ ጥሪዎችን ተራ አስይዞ ለተዘጋጁ አስተናጋጆች የሚያከፋፍል መሣሪያ ሠራ። በመቶ የሚቆጠሩ አስተናጋጆች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ቀኑን ሙሉ የሚነጋገሩበት የሥራ ዓይነት በዚህ መንገድ ተስፋፋ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ከዚህ ሥራ ብዙው ወደ ህንድና ወደ ፊሊፒንስ ተሻገረ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ማጠቃለያ የግድ አስፈላጊ ነበር። ዛሬ የደወለ ደንበኛ ነገ ሲደውል የሚያገኘው ሌላ አስተናጋጅ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ አስተናጋጅ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሦስት ነገሮችን በደንበኛው መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ደንበኛው ለምን እንደ ደወለ፣ ምን እንደ ተደረገለትና ምን ቃል እንደ ተገባለት። ይሁን እንጂ ይህን በሚጽፍበት ጊዜ ሌላ ደንበኛ በመስመር ላይ ይጠብቃል። አሠሪው የእያንዳንዱን ጥሪ ጊዜ፣ የመጻፊያውን ደቂቃ ጨምሮ፣ በሰከንድ ይለካዋል። ስለዚህ አስተናጋጁ መጻፉን ያሳጥራል፤ አንዳንዴም «ተደውሏል፣ መልስ ተሰጥቷል» ብሎ ያልፋል። ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ ታሪኩን ከመጀመሪያ እንደገና ለመናገር ይገደዳል።

ከሦስቱ ጠባቂዎች አንዱ በዚህ ጊዜ እንደ ወደቀ ልብ ማለት ይገባል። አስተናጋጁ ሰምቷል፤ በመዝገቡም ላይ የሠራተኛ መለያው አለ። የጻፈው ግን ለተናጋሪው አይነበብም። ደንበኛው ስለ ራሱ ምን እንደ ተጻፈ አያውቅም። ይህ ጉድለት ከኮምፒዩተሩ በፊት የነበረ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

3. ቃል የሚቆጥረው መኪና

ማሳጠርን ለመኪና የመስጠት ሐሳብ የተጀመረው በንግግር ሳይሆን በሳይንስ ጽሑፍ ላይ ነው። በጀርመን አገር ተወልዶ በአሜሪካ አይ ቢ ኤም በተባለው ድርጅት ይሠራ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን በሚያዝያ 1958 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኮምፒዩተር የአንድን ጽሑፍ ጭምቅ ሐሳብ እንዴት ሊያወጣ እንደሚችል አሳየ። ዘዴው ቀላል ነበር። በመጀመሪያ በየዓረፍተ ነገሩ የሚገኙት አያያዥ ቃላትና የመሳሰሉት ይጣላሉ። ቀጥሎ በጽሑፉ ውስጥ የሚደጋገሙት ቃላት ይቆጠራሉ። በመጨረሻም እነዚህ ቃላት ተቀራርበው የተሰበሰቡባቸው ዓረፍተ ነገሮች ተመርጠው እንዳሉ ይወጣሉ። መኪናው የተባለውን አይረዳም፤ ይቆጥራል።

በ1969 ሃሮልድ ኤድመንድሰን ይህን አሻሻለ። የቃላትን ብዛት ብቻ ከማየት ይልቅ፣ ከርእሱ ጋር የሚመሳሰሉ ቃላትን፣ እንደ «በመጨረሻም» ያሉ ጠቋሚ ቃላትንና የዓረፍተ ነገሩን ቦታ ማየት የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አረጋገጠ። ይህ ግኝት ለቋንቋ መምህር እንግዳ አይደለም። ኃይለ ቃሉ በአንቀጹ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ እንደሚገኝ ለተማሪ የምንነግረው ከዚሁ ልምድ ተነሥተን ነው።

የእነዚህ ቀደምት ዘዴዎች ደካማነት የታወቀ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ከየቦታው ተቆርጠው ስለሚቀመጡ ንባቡ ይቆራረጣል። ነገር ግን አንድ በጎ ባሕርይ ነበራቸው። በማጠቃለያው ውስጥ የሚገኘው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በዋናው ጽሑፍ ውስጥ በእርግጥ ነበረ። መኪናው ዋናውን ሊዘለው ይችላል እንጂ ያልተባለ ነገር አይጨምርም ነበር።

4. ድምፅን ወደ ጽሑፍ መለወጥ

የስልክ ንግግርን በመኪና ለማሳጠር በቅድሚያ ድምፁ ጽሑፍ መሆን ነበረበት። በ1952 የቤል ላቦራቶሪዎች ተመራማሪዎች የሠሩት «ኦድሪ» የተባለ መሣሪያ በአንድ ሰው ድምፅ የሚጠሩ የቁጥር ስሞችን ብቻ ለይቶ ያውቅ ነበር። ከ1971 እስከ 1976 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት በመደበው ገንዘብ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ሃርፒ» 1011 ቃላት ለማወቅ ደረሰ። በዚያው ዘመን ፍሬድሪክ የሊኔክና በአይ ቢ ኤም የነበሩት ባልደረቦቹ የንግግርን ዕውቀት በሰዋስው ሕግ ሳይሆን በስታቲስቲክስ፣ ማለትም የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ በመገመት ላይ መሠረቱት። የዛሬው የቋንቋ ሞዴል ሐረጉ ከዚህ ይመዘዛል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰበው «ስዊችቦርድ» የተባለው የንግግር ስብስብ ከ500 በላይ ሰዎች ያደረጓቸውን 2400 ያህል የስልክ ጭውውቶች ይዞ ነበር። ተመራማሪዎች ሰው በስልክ በእውነት እንዴት እንደሚናገር ያዩት በዚህ ነው። ሰው ጀምሮ ይተዋል፤ ይደግማል፤ ያቋርጣል፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይናገራሉ። በ1997 የአሜሪካው ኤ ቲ ኤንድ ቲ የስልክ ድርጅት ተመራማሪዎች «እንዴት ልርዳዎ?» ለሚለው ጥያቄ ደንበኞች የሰጧቸውን 10 ሺህ ያህል መልሶች መርምረው፣ ደንበኛው በገዛ ቃሉ የተናገረውን ሰምቶ ጥሪውን ወደሚገባው ክፍል የሚመራ ዘዴ አቀረቡ። ይህ ገና ማጠቃለያ አይደለም፤ የደንበኛን ልብ አንድ ቃል በሚሆን ርእስ ሥር መመደብ ነው። ሆኖም የጥሪ ማዕከሉ ንግግር የምርምር ጉዳይ መሆኑን አበሰረ።

5. ንግግር እንደ ጋዜጣ አይደለም

ለጽሑፍ የተሠሩት የማሳጠሪያ ዘዴዎች ወደ ንግግር ሲዛወሩ ብዙዎቹ ከሽፈዋል። ምክንያቱ ለመምህር ትምህርት ሰጪ ስለ ሆነ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል።

በጋዜጣ ዜና ውስጥ ዋናው ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይገኛል። በስልክ ንግግር ግን መጀመሪያው ሰላምታ ነው። ደንበኛው ብዙውን ጊዜ ዳር ዳሩን ይዞ ይቆያል፤ ዋናው ቅሬታ ስልኩ ሊዘጋ ሲል «አንድ ነገር ረስቼ ነበር» በሚል ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ የንግግር ፍሬ ነገር በአንድ ሰው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሟልቶ አይገኝም። «ከረጢቱ ጥቁር ነበር?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ፣ እሱ ነው» የሚል መልስ ሲሰጥ፣ መልሱን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ምንም አይነግርም። ትርጉሙ የተወለደው በጥያቄውና በመልሱ መካከል ነው። ሦስተኛ፣ በንግግር ውስጥ ኋላ የተባለው ፊት የተባለውን ይሽራል። «ሰኞ ነው፤ አይ፣ ይቅርታ፣ ማክሰኞ» የሚለውን ቆጣሪ መኪና ሁለት ቀን አድርጎ ይይዘዋል።

ክላውስ ዜክነር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባደረገው ጥናት ከእነዚህ ችግሮች አንዳንዶቹን፣ በተለይም የንግግር መደናቀፍን ማጽዳትንና ጥያቄን ከመልሱ ጋር ማጣመርን፣ በግንባር አነሣቸው። በ2015 ደግሞ የተለያዩ ቡድኖች የጥሪ ማዕከል ንግግርን በማሳጠር የተወዳደሩበት የጋራ ሙከራ ተደረገ። ለሙከራው ከቀረቡት ንግግሮች አንዱ ክፍል ከፓሪስ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅት የጥሪ ማዕከል የተገኘ ነበር። በእነዚህ ጥሪዎች ውስጥ ሰዎች ዕቃ እንደ ጠፋባቸው ያመለክታሉ፣ መንገድ ይጠይቃሉ፣ ስለ ወር ትኬት ይከራከራሉ። ከቡድኖቹ የተፈለገው ከንግግሩ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን፣ የደንበኛውን ጉዳይና የተሰጠውን መፍትሔ በሌላ ቃል የሚተርክ አጭር ሐተታ ነበር። ቆርጦ ከማውጣት ይልቅ መተረክ የሚሻል መሆኑ ታወቀ። በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ አድርጎ የሚተርክ መኪና ገና አልበሰለም ነበር።

6. የቋንቋ ሞዴል ዘመን

መኪናው በራሱ ቃል መተረክ የቻለው በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ነው። በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች ያወጡት «ትራንስፎርመር» የተባለው አሠራር፣ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ቃል በሚመዝንበት ጊዜ በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ከሌሎች ቃላት ሁሉ ጋር እንዲያስተያየው አስቻለ። በ2019 ኦፕን ኤ አይ የተባለው ድርጅት ባወጣው ጂ ፒ ቲ-2 በተባለው ሞዴል ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ታየ። በረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ረጅም ስለ ሆነ አላነበብሁትም» ለማለት የሚጠቀሙበትን ምሕጻረ ቃል ሲጨምሩበት፣ ሞዴሉ ማንም ለይቶ ሳያስተምረው ማጠቃለያ መሰል ጽሑፍ ያወጣ ጀመር። በ2020 የዚሁ ድርጅት ተመራማሪዎች ሰዎች ሁለት ሁለት ማጠቃለያዎችን እያወዳደሩ የተሻለውን እንዲመርጡ በማድረግ ሞዴሉን በምርጫቸው አሠለጠኑት። ውጤቱም በሰው ከተጻፉት ይልቅ በአንባቢዎች የተመረጠ ሆነ። በ2022 መጨረሻ ቻት ጂ ፒ ቲ ለሕዝብ ሲቀርብ ይህ ችሎታ የአደባባይ ነገር ሆነ። በ2023 መጨረሻም አማዞን ለጥሪ ማዕከሎች በሚያከራየው አገልግሎት ውስጥ በቋንቋ ሞዴል የሚጻፍ የንግግር ማጠቃለያ ጨመረ።

በንግግሩ ሰዓት የሚደረገው ማሳጠር የሚካሄደው በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው። የደንበኛውና የአስተናጋጁ ድምፅ በተለያየ መስመር ይቀረጻል። ድምፁ በጥቂት ሰከንድ እየተቆራረጠ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል። ጽሑፉ እየተጠራቀመ ለሞዴሉ ይሰጣል። ሞዴሉም ቀደም ሲል የጻፈውን ማጠቃለያ ከአዲሱ ጋር እያገናዘበ ያድሰዋል። ጥሪው ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ ሁለተኛው አስተናጋጅ ማጠቃለያውን አንብቦ ይቀጥላል፤ ደንበኛው ታሪኩን እንደገና አይናገርም። በመጨረሻም አስተናጋጁ የተጻፈውን ተመልክቶ፣ አርሞ ወይም እንዳለ፣ ያጸድቀዋል።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። አስተናጋጁ እየጻፈ ሳይሆን እያዳመጠ ይነጋገራል። ደንበኛውም አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ከመናገር ይድናል። ኤሪክ ብሪንዮልፍሰን፣ ዳንዬል ሊና ሊንዚ ሬይመንድ ከ5 ሺህ በላይ በሆኑ አስተናጋጆች ላይ ባደረጉት፣ በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ባቀረቡት ጥናት፣ በንግግሩ መካከል መልስ የሚጠቁም የቋንቋ ሞዴል በሰዓት የሚፈቱትን ጉዳዮች ቁጥር በአማካይ ከመቶ 14 ያህል ከፍ እንዳደረገ ተመለከቱ። ጭማሪው ለጀማሪዎች ወደ ሲሶ ሲጠጋ፣ ለልምድ ባለቤቶች ግን እምብዛም ነበር። ጥናቱ የሚመለከተው መልስ መጠቆምን እንጂ ማሳጠርን ባይሆንም፣ መሣሪያው የነባሩን ልምድ ለጀማሪው እንደሚያበድር ያሳያል። ጀማሪው የተበደረውን የራሱ እስኪያደርገው ድረስ ማን ያስተምረዋል የሚለው ግን የመምህራን ጥያቄ ነው።

7. ያልተባለውን መጻፍ

ከላይ እንደ ተገለጸው የሉን መኪና ያልተባለ ነገር አይጨምርም ነበር። የቋንቋ ሞዴል ግን በራሱ ቃል ስለሚተርክ ይጨምራል። በ2020 የጉግል ተመራማሪዎች የዜና ማጠቃለያዎችን መርምረው፣ በሞዴል ከተጻፉት ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ማጠቃለያዎች ከመቶ 70 በሚበልጡት ውስጥ በዋናው ጽሑፍ የሌለ ነገር አገኙ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሞዴሎች በእጅጉ ተሻሽለዋል፤ ነገሩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ድምፅን ወደ ጽሑፍ በሚለውጠው ክፍልም ተመሳሳይ ችግር ታይቷል። በ2024 የታተመ ጥናት፣ «ዊስፐር» የተባለው ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሞዴል ከጻፋቸው ቅጂዎች ከመቶ 1 ያህሉ ማንም ያልተናገረውን ሐረግ እንደ ያዙ አመለከተ። ይህም የሚበዛው ተናጋሪው ረጅም ጊዜ ዝም በሚልበት ቦታ ነው። በአነጋገር የሚቸገሩ ሕመምተኞች ከሌላው ይበልጥ የሚጎዱት ስለዚህ ነው። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናትም የአምስት ታላላቅ የአሜሪካ ድርጅቶች መሣሪያዎች በጥቁር አሜሪካውያን ንግግር ላይ ከመቶ ቃላት በአማካይ 35ቱን ሲሳሳቱ፣ በነጮቹ ላይ 19 መሳሳታቸውን አሳየ። ማጠቃለያው ከተሳሳተ ቅጂ ሲወጣ ስሕተቱ የጠራ ዓረፍተ ነገር ለብሶ ስለሚመጣ ለማወቅ ያዳግታል።

ከፈጠራ ይልቅ የሚረቅ ሌላ ስሕተት አለ። ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት ሁለት ጊዜ ስለ ተቆረጠባቸው ሂሳብ ደወሉ እንበል። አስተናጋጁ «በአሥር ቀን ውስጥ አጣርተን እናሳውቅዎታለን» ሲላቸው «እሺ እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ማጠቃለያው «ደንበኛዋ በተሰጣቸው መፍትሔ ተስማምተዋል» ይላል። አንድም የተፈጠረ ነገር የለበትም፤ «እሺ» ብለዋልና። ነገር ግን «እሺ» መስማማት ሊሆን ይችላል፣ መስማት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ተስፋ መቁረጥም ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ወር እኒህ እናት ሲደውሉ ሁለተኛው አስተናጋጅ ድምፃቸውን አልሰማም፤ ያችን አንዲት መስመር ያነብባል። ያላዩት ጽሑፍ በእሳቸው ላይ ምስክር ይቆማል።

እንግዲህ ሦስቱን ጠባቂዎች መልሰን እንመልከት። ጸሐፊው መኪና ስለ ሆነ የሰማ አለ ለማለት ያስቸግራል። ለተናጋሪው የሚነበብለት የለም። የቀረው አስተናጋጁ «ትክክል ነው» ብሎ የሚያጸድቅበት ቁልፍ ነው። እሱም ቢሆን የሚቀጥለው ደንበኛ እየጠበቀው ሳለ ተጭኖት ያልፋል።

ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በካናዳ ፍርድ ሰጪ አካል ፊት ቀርቦ ነበር። ጉዳዩ የማጠቃለያ ሳይሆን በጽሑፍ የሚመልስ መኪና ጉዳይ ነው። ዘመድ የሞተበት አንድ መንገደኛ ስለ ኀዘን ጉዞ የዋጋ ቅናሽ በኤር ካናዳ ድረ ገጽ ላይ ላለው መልስ ሰጪ መኪና ጥያቄ አቀረበ። መኪናው ቅናሹን ከጉዞ በኋላ መጠየቅ እንደሚቻል ነገረው፤ አየር መንገዱ ግን ይህን አልተቀበለም። በየካቲት 2024 በተሰጠው ውሳኔ፣ መኪናው ራሱን የቻለ ተጠያቂ ነው የሚል ዝንባሌ ያለው የድርጅቱ መከራከሪያ ውድቅ ሆኖ፣ በገጹ ላይ ለሚጻፈው ሁሉ ኀላፊው ድርጅቱ መሆኑ ተረጋገጠ። ፍርዱ ፊርማ ወደ ሰው እንዲመለስ ያደረገ ነው ማለት ይቻላል።

8. ስለ አማርኛ ጥቂት ቃል

አብዛኛው የዚህ ታሪክ የእንግሊዝኛ ታሪክ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ የሚታሰብባቸው ልዩ ጉዳዮች አሉ። ሉን የአንድ ቃል ዘሮችን አንድ ላይ የሚቆጥረው መጀመሪያቸው ተመሳሳይ መሆኑን አይቶ ነበር። በአማርኛ «ከፈልሁ»፣ «አልከፈልሁም»፣ «ስላልተከፈለኝ»፣ «እንዲከፈለኝ» የሚሉት ግሦች በመጀመሪያቸው ይለያያሉ። ይልቁንም አዎንታና አሉታ የሚለዩት በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። ድምፁን የሚጽፈው መሣሪያ «አል» የሚለውን ካልሰማ ያልተከፈለው ተከፈለ ይሆናል። እንዲሁም «ነገ እንመጣለን ብለዋል» የሚል ማጠቃለያ ቢጻፍ፣ ያሉት አንድ የተከበሩ ደንበኛ ናቸው ወይስ የድርጅቱ ሠራተኞች? የአክብሮት አነጋገራችን ብዙና አንድን ስለሚያቀራርብ ተናጋሪው በስም ካልተጠራ አይለይም።

የመማሪያው ድምፅም ጥቂት ነው። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ የድምፅ ስብስብ 20 ሰዓት ያህል የንባብ ድምፅ የያዘ ሲሆን ለዘርፉ መሠረት የጣለ ሥራ ነበር። በ2022 የወጣው ዊስፐር የሠለጠነው በ680 ሺህ ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ውጪ ላሉት 96 ቋንቋዎች በየራሳቸው ቋንቋ የተጻፈው 117 ሺህ ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ አማርኛ ከጥቂት ድርሻ ባለቤቶች አንዱ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተገኘ ውጤት በአማርኛም ይገኛል ብሎ ማቀድ አይገባም።

9. ለትምህርት ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ለክፍል ሥራ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ አሳጥሮ መጻፍን የምናስተምረው ባብዛኛው ከተጻፈ ምንባብ ነው፤ ልኩም «በሲሶ አሳጥሩ» የሚል የቃላት ቁጥር ነው። ከሚነገር ንግግር ማሳጠርም እንዲሁ ሊሠለጥኑበት የሚገባ ሙያ ነው። መምህሩ ሁለት ተማሪዎችን አንደኛውን ባለጉዳይ፣ ሌላውን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አድርጎ አምስት ደቂቃ ያነጋግር፤ የቀሩት ያለ ማስታወሻ ያዳምጡና በአምስት መስመር ይጻፉ። ከዚያ የተጻፈው ለባለጉዳዩ ይነበብለት። «እኔ ያልሁት እንዲህ አይደለም» የሚለው ቃል ከመምህሩ እርማት ይልቅ ያስተምራል።

ሁለተኛ፣ ተማሪው በማጠቃለያው ውስጥ አራት ነገሮችን መለየት ይልመድ፤ የተጠየቀውን፣ የተመለሰውን፣ ስምምነት የተደረሰበትንና ሳይፈታ የቀረውን። ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ነው። ለባለጉዳዩ ግን ከሁሉ የሚበልጥበት እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ማሳጠሪያ ሞዴል ወደ ትምህርት ቤት በሚገባበት ጊዜ ተማሪው ከማጠቃለያው ጋር ዋናውን ይዞ ያስተያይ። በእያንዳንዱ መስመር ትይዩ «ይህ የተባለው የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያጣበትን ያሥምርበት። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ዕጩ መምህራን ይህን ልምምድ ከተማሪዎቻቸው በፊት ቢያደርጉት ይበጃል።

ለዕቅድ አውጪዎችም የሚሆን ነገር አለ። ወላጆችን በስልክ የሚያስተናግድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመጠቀም ቢያስብ፣ ከዋጋውና ከፍጥነቱ በፊት በቃለ ጉባኤ ሥርዓት ይመዝነው። ዋናው ድምፅ ክርክር ቢነሣ እንዲሰማ ለተወሰነ ጊዜ ይቀመጣልን? የተጻፈው ለደዋዩ ይነበባልን ወይም በአጭር መልእክት ይላክለታልን? ያጸደቀው ሠራተኛ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ተሰጥቶታልን? ለእነዚህ መልስ ያልተገኘለት መሣሪያ የጽሕፈት ድካም ይቀንስ ይሆናል፤ የባለጉዳዩን እንግልት ግን ወደ ሌላ ቀን ያዛውረዋል።

መደምደሚያ

ከቲሮ እስከ ቋንቋ ሞዴል ያለው ታሪክ የፍጥነት ታሪክ ነው። ሰው በእጁ ይጽፈው የነበረው ዛሬ በንግግሩ መካከል ይጻፋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ላይ መስማት፣ መልሶ ማንበብና መፈረም አንድ በአንድ ሲላሉ አይተናል። እነዚህን መልሶ ለማጥበቅ ከባድ ምርምር አያሻም፤ በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ስብሰባ የምንሠራበት ሥርዓት ነው። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና መምህራን የማሳጠርን ትምህርት ከቃላት ቁጥር አውጥተው፣ ተማሪው ስለ ሰው ቃል በታማኝነት የሚመሰክርበት ሙያ አድርገው እንዲያዘጋጁት እናሳስባለን። ነገ በጥሪ ማዕከል፣ በፍርድ ቤትም ሆነ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው መኪና የጻፈውን የሚያጸድቁት የዛሬ ተማሪዎቻችን ናቸውና።